ጋዋን ሲወልቅ፦ ለሐኪም የሚሆን የአሥር ደቂቃ ልማድ

ይህን የምጽፈው በተለይ ለጀማሪ ሐኪሞች ነው። ኢንተርንሺፕ ጨርሳችሁ ከከተማው ዳር ካለ ሆስፒታል ለተመደባችሁ፣ ጠዋት ከታክሲ ስትወርዱ የግቢውን በር ሳታልፉ ለሚደክማችሁ። እኔ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። የምሠራው በአዲስ አበባ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ ነው፤ የምኖረውም እዚያው አካባቢ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም። የማሳያችሁ ከሥራ ስወጣ የማደርገውን፣ ከአሥር ደቂቃ የማያልፍ ልማድ ነው። የሚያስፈልገው አንድ ደብተር፣ አንድ እስክሪብቶ፣ ስልክን ቦርሳ ውስጥ መተው። ከሦስቱ የሚከብደው የትኛው እንደሆነ ታውቁታላችሁ።

እኛ በርንአውት የምንለው ነገር ዝም ብሎ ድካም አይደለም። ድካም ተኝታችሁ ስትነሱ ይለቃል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 በጸደቀው አሥራ አንደኛው የበሽታዎች ምደባው ላይ በርንአውትን ከበሽታ አልቆጠረውም፤ በአግባቡ ካልተያዘና ሥር ከሰደደ የሥራ ጭንቀት የሚመጣ፣ ከሥራ ጋር የተያያዘ ክስተት ይለዋል። ሦስት መልክ አለው፦ አቅም ተሟጥጦ ማለቅ፣ ከሥራው በልብ መራቅ ወይም በምሬት ማየት፣ እና «ምንም የረባ ነገር እየሠራሁ አይደለም» የሚል ስሜት። ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ በጽሑፍ ካወጡት ቀዳሚዎች አንዱ የሥነ ልቦና ባለሙያው ኸርበርት ፍሮይደንበርገር ሲሆን የጻፈውም ኒውዮርክ ውስጥ በአንድ ነጻ ክሊኒክ በፈቃደኝነት ከሚያገለግሉ ሰዎች ጋር ሲሠራ ስላየው ነው። በደመወዝ ሳይሆን በፍቅር የመጡ ሰዎች ነበሩ። ቀድሞ የሚነደው ያ ዓይነቱ ሰው መሆኑ አይገርመኝም።

የመጀመሪያው መልክ ለማንም አይሰወርም። የምፈራላችሁ ሁለተኛውን ነው፤ ሳያንኳኳ ይገባል። ዎርድ ውስጥ ሁላችንም ሰውን በአልጋ ቁጥሩና በሕመሙ እየጠራን «ስድስት ቁጥር ክሪያቲኒኑ ወጥቷል»፣ «ያቺ ባለ ስኳሯ ትውጣ» እንላለን፤ ለፍጥነት ነው፣ ነውር የለውም። ነገሩ የሚለየው አንዲት እናት የጋዋናችሁን እጅጌ ይዛ «ዶክተርዬ፣ ልጄ ይተርፍልኛል?» ስትላችሁ ነው። ዓይናችሁ ወደ እሷ ሳይሆን ወደ በሩ ከሄደ፣ እሱ ነው። ከዚያ ወዲያ የዓመት ፈቃድ ብቻውን አይበቃም። ሐዋሳ ሄዳችሁ ሐይቁ ዳር ዓሣ በልታችሁ ትመለሳላችሁ፤ ሰኞ ራውንድ ላይ ሦስተኛው አልጋ ሳትደርሱ ያው ናችሁ።

ልማዱን ከሥራ መውጫ ላይ ያደረግሁት በምክንያት ነው። የእኛ ሥራ ማብቂያ የለውም። የላቦራቶሪ ውጤቱ ነገ ይመጣል፣ ሪፈር የተጻፈለት ሰው አልጋ አላገኘም፣ ትኩሳቱ ወረደ ያልነው ማታ መልሶ ይወጣል። ቀኑ ራሱን ስለማይዘጋ እኛ በእጃችን እንዘጋዋለን። ከኮንዶሚኒየሙ ሥር ያለው ባለ ሱቅ ማታ የዱቤ መዝገቡን አይቶ ሳይጨርስ በሩን አያወርድም፤ የተበደሩት ሁሉ ስለከፈሉት አይደለም፣ ማን ምን እንዳለበት አውቆ ለመተኛት ነው። የምታደርጉት ያንኑ ነው።

<b>ከመቀመጣችሁ በፊት</b>

ርክክቡን ጨርሱ። ርክክብ ሳይጠናቀቅ የተቀመጠ ሐኪም አካሉ ብቻ ነው የተቀመጠው። ለተረኛው በቃል ብቻ አትንገሩ፤ ጻፉት። እኔ ሦስት ነገር እጽፋለሁ፦ የሚጠበቅ ውጤት፣ ሌሊት ሊከፋበት ይችላል ብዬ የምፈራለት ሰው፣ እና ቤተሰቡ ምን እንደተነገረው። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይዘለዋል። ሌሊት ከአስታማሚ ጋር የሚነሳው ጭቅጭቅ ግማሹ ከዚያ ይመጣል።

ቀጥሎ ቦታ ነው። የዲዩቲ (የተረኞች) ክፍል አይሆንም፤ እዚያ አንዱ ይተኛል፣ አንዱ ስልክ ቻርጅ ያደርጋል፣ አንዱ ፍርፍር ያሞቃል። ካፌም አይሆንም። የእኔ ቦታ ከልብስ እጥበቱ ጀርባ ያለች የሲሚንቶ ደረጃ ናት። አረንጓዴ የኦፕራሲዮን ጨርቆች ሽቦ ላይ ይሰጣሉ፤ በመሐላቸው የረር ተራራ ይታያል። በክረምት ተራራው በጉም ይጠፋል፣ ደረጃዋም ትረጥባለች፤ ያኔ የኦክስጅን ሲሊንደር ከሚቀመጥበት ቆርቆሮ ሥር እገባለሁ። ውበቱ አይደለም ዋናው ነገር። ማንም ካርድ ይዞ የማይመጣበት ቦታ ይሁን፣ በየቀኑም ያው ቦታ ይሁን። መኪና ያላችሁ መኪናችሁ ውስጥ፣ ሞተር ሳታስነሱ።

ለሲስተሮቹም ንገሯቸው። «በሽተኛ ከከፋበት ጥሩኝ፤ ለፊርማ ከሆነ ተረኛው አለ» ብያቸዋለሁ። መጀመሪያ ሳቁ፣ አሁን ሌላ ሰው ሲፈልገኝ እነሱ ናቸው የሚመልሱልኝ።

<b>አሥሩ ደቂቃ</b>

በመጀመሪያ ጋዋኑን አውልቁ። ወደ ውስጥ ገልብጣችሁ አጥፉት፣ ፌስታል ውስጥ አስገቡት። ለኢንፌክሽን መከላከልም ቢሆን ጋዋን ለብሶ ታክሲ መሳፈር ልክ አይደለም። ስቴቶስኮፑም ቦርሳ ይግባ። አንገታችሁ ላይ አንጠልጥላችሁ ብትወጡ ወያላው «ዶክተር፣ ጋቢና ይግቡ» ብሎ ያከብራችኋል፤ ነገር ግን ቱሉ ዲምቱ አደባባይ እስክትደርሱ ድረስ የሾፌሩን የጨጓራ ታሪክ ከሥር መሠረቱ ትሰማላችሁ።

ከዚያ እጃችሁን ታጠቡ። የዓለም ጤና ድርጅት በውኃና በሳሙና ከ40 እስከ 60 ሰከንድ፣ በአልኮል ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ይላል፤ ሁላችንም ግድግዳ ላይ ለጥፈነዋል፣ ስንቶቻችን እንደምንሞላው እንተወው። ይህችን አንዷን ሙሉዋት። መዳፍ ለመዳፍ፣ የእጅ ጀርባ፣ በጣቶች መሐል፣ አውራ ጣት፣ የጥፍር ጫፍ። ቀኑን ሙሉ የምንታጠበው ወደሚቀጥለው ሰው ለመሮጥ ነው፤ ከዚህኛው በኋላ የሚጠብቅ ሰው የለም። በእኛ ሰፈር ውኃ በፈረቃ ስለሆነ ቧንቧው ብዙ ቀን ያፏጫል እንጂ አያወርድም። ከሮቶው በጆግ ቀድታችሁ ሰው ያፍስስላችሁ። ለእኔ አብዛኛውን ጊዜ የጽዳት ሠራተኛዋ ታፈስልኛለች፤ ምግብ ቀርቦ እንግዳ እንደምታስታጥብ ሆና፣ ፎጣውን ትከሻዋ ላይ አድርጋ፣ «በደንብ እሺ፣ ክንድሽ ጋ ቀርቷል» እያለች። ከዎርዱ ሥራ ሁሉ እንዲህ የምታዘዝበት ጊዜ ይኸው ብቻ ነው፤ ደስ ይለኛል።

አሁን ተቀመጡ። ሁለት ደቂቃ ያህል ትንፋሻችሁን አርዝሙ፦ በአፍንጫ እስከ አራት እየቆጠራችሁ ሳቡ፣ እስከ ስድስት እየቆጠራችሁ አውጡ። በደቂቃ ስድስት ትንፋሽ ይሆናል። ምሥጢር የለውም። ትንፋሽ ስናወጣ ልብን የሚያረጋጋው የቬገስ ነርቭ ሥራ ያይልና ልብ ምቷን ትቀንሳለች፤ የወጣት ሰው ኢሲጂ (የልብ ምት ምርመራ) ላይ ምቱ ከትንፋሹ ጋር ሲፈጥንና ሲዘገይ ስንት ጊዜ አይተን «ኖርማል ነው» ብለን አልፈናል። ማውጫውን ማስረዘም ያንኑ ገመድ ሆን ብሎ መሳብ ነው። ሐሳብ ከመጣ ይምጣ፤ አታባርሩት፣ ወንበርም አታቅርቡለት።

ቀጥሎ የሚመጣው የልማዱ እምብርት ነው፤ ብትቸኩሉ ሌላውን አሳጥሩ። ከዛሬው ቀን አንድ ሰው ምረጡ። ሁሉንም አይደለም፣ አንድ። ዓይናችሁን ስትከድኑ ፊቱ ቀድሞ የሚመጣው እሱ ነው። ስለ እሱ ሦስት ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ ምን አየሁ? ምን አደረግሁ? በእኔ እጅ ያልነበረውስ ምንድን ነው?

ለምሳሌ አንዲት ልጅ ውሰዱ፣ ሃያ ዓመት ያልሞላት። በልጅነቷ በወጉ ያልታከመ የጉሮሮ ሕመም የሩማቲክ የልብ በሽታ ሆኖ አንዱን የልብ በር (ቫልቭ) አጥብቦታል። እንዲህ ያሉ ልጆች አገራችን ውስጥ ብርቅ አይደሉም፤ የእኛ ዎርድ ያለ እነሱ የሚውልበት ሳምንት ጥቂት ነው። ሳንባዋ ውኃ ቋጥሮ፣ ትራስ ተደራርቦላት፣ ሁለት ቃል ተናግራ ትንፋሿ እየተቆረጠ ትመጣለች። ኦክስጅን አደረግንላት፣ ውኃውን በሽንት የሚያስወጣ ፉሮሲማይድ ሰጠናት፣ የልብ ምቷን አረጋጋን። ወደ ማታ ቀና ብላ ሻይ ጠጣች፤ እናቷ ኩባያውን በሁለት እጇ ይዛላት። ቫልቩን የሚያሰፋላት ሕክምና ግን ሌላ ቦታ ነው፣ ወረፋም አለው። የዚያን ቀን ደብተሬ ላይ የሚጻፈው ይህን ያህል ነው፦ «ሻይ ጠጣች። እናትየው ኩባያውን አልለቀቀችም። ሪፈሩን ዛሬ ጽፌያለሁ፤ ወረፋው በእኔ እጅ አይደለም።»

ከዚህ አታስረዝሙ። ታሪክ መጻፍ ከጀመራችሁ ነገ ይሰለቻችኋል። ስም፣ የካርድ ቁጥር፣ የአልጋ ቁጥር፣ ቀበሌ አይጻፍ፤ ደብተሩ ታክሲ ውስጥ ቢወድቅ ማንም ማንንም እንዳያውቅበት። ስልክ ላይ አትጻፉ። ስልኩ ሲከፈት የዎርዱ የቴሌግራም ግሩፕ ይጠብቃችኋል፣ ያኔ አለቀ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ልብ በሉት። ጀማሪ ሐኪም ሁለት ነገር ይደባልቃል፦ ሊያደርገው ሲችል ያላደረገውንና ማንም ሊያደርገው ያልቻለውን። የመጀመሪያው ይታረማል፤ ነገ ጠዋት ከሲኒየር ጋር የምታነሱት ከሆነ ጫፉ ላይ «ይነሳ» ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ሁለተኛው ቦታው ሌላ ነው። ሁለቱ በአንድ ላይ ሲከመሩ ነው «ምንም የረባ ነገር አልሠራም» የሚለው ስሜት የሚመጣው።

በየማታው በደህና ያለፉ ሦስት ነገሮችን ከነምክንያታቸው ጻፉ የሚል ልምምድ ሰምታችሁ ይሆናል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ማርቲን ሴሊግማንና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2005 ባወጡት ጥናት ለአንድ ሳምንት የጻፉት ሰዎች ከወራት በኋላም ደስታቸው ከፍ ብሎ፣ የድብርት ምልክታቸው ቀንሶ ተገኝቷል። አልቃወመውም፤ የሚሆናችሁ ያዙት። እኔ ግን አንድ አባት በሞቱበት ቀን ሦስት መልካም ነገር ፈልጊ ብባል እጄ አይጽፍም። የሆነውን እንደሆነ መጻፍ ይቀለኛል፤ ሻዩም በራሱ ይገባል።

መዝጊያ ይኑረው። ደብተሩን ከዘጋሁ በኋላ ፊቴን ወደ ዎርዱ አዙሬ «እግዜር ይማራችሁ» እላለሁ፣ ለራሴ በሚሰማኝ ድምፅ። ጠያቂ ሁሉ ሲወጣ የሚለው ነው፤ ከሐኪም አፍ ግን እምብዛም አይሰማም፣ እኛ መድኃኒት እናዛለን። ሌላ ቃል ካላችሁ የራሳችሁን በሉ። ብቻ ያው ቃል በየቀኑ ይሁን፣ ከዚያ ተነሱና ሂዱ።

በዚህ ነገር ሙስሊም ባልደረቦቼ ይቀድሙኛል ማለት እችላለሁ። ውዱእ አድርገው፣ ምንጣፋቸውን ዘርግተው፣ ዎርዱ ቢቃጠል እንኳ ለእነዚያ ጥቂት ደቂቃዎች ሌላ ሰው ናቸው። የምትጸልዩ ከሆነ ልማዳችሁን ከጸሎታችሁ ጋር አያይዙት፤ አዲስ ነገር መፍጠር አያስፈልግም። ከጓደኛ ጋር የሚጠጣ ቡናም ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በቡና ላይ ስለ ደመወዝና ስለ አለቃ ይወራል፣ ስለዚያ ሰው አይወራም። አንዱን በሌላው አትተኩ።

<b>ቀኑ እንደ ሌላው ቀን ካልሆነ</b>

ከሌሊት ዲዩቲ ስትወጡ አትቀመጡ። እኔ ስንት ሰው ደረጃዋ ላይ ተኝቶ አይቻለሁ። ቆማችሁ፣ ዓይናችሁን ገልጣችሁ፣ እጅ ታጥባችሁ አንድ መስመር ጻፉና ወደ ቤት። መኪናም አትንዱ፤ ሌሊቱን ሙሉ የነቃ ሰው መሪ ላይ እንደ ሰካራም ነው፣ የቃሊቲ መንገድ ደግሞ ከባድ መኪና የሚርመሰመስበት ነው። ጸጥ ያለ ቦታ የሌላችሁ፣ ወይም ሕፃን ቤት የሚጠብቃችሁ፣ ታክሲ ውስጥ ይቻላል፦ መስኮት ጋ ተቀመጡ፣ ትንፋሹንና ሦስቱን ጥያቄ እዚያ አድርጉ፣ ሬዲዮው ይጩኽ ግድ የለም። የምትወርዱበት ፌርማታ መዝጊያችሁ ይሁን።

ሰው ሲሞት ግን እስከ ማታ አይጠበቅም። አሜሪካ ውስጥ በቨርጂኒያ ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል ጆናታን ባርትልስ የሚባል ነርስ የጀመረው አንድ ነገር አለ፤ በሽተኛው ሲያርፍ ቡድኑ ባለበት ቆሞ ለአጭር ጊዜ ዝም ይላል፣ ለሟቹም ለለፉትም ሰዎች ክብር። በእኛ ቤት ሲፒአሩ (ልብን የማስነሳት ሙከራው) ሲቆም ሞኒተሩን ለሌላ አልጋ የሚነቅል እጅ ቀድሞ ደርሷል፣ በሩ ላይ ለቅሶው ጀምሯል። ስለዚህ በሩ ሳይከፈት አድርጉት። ትልቁ ሐኪም እስኪጀምር አትጠብቁ፤ ኢንተርንም ቢሆን ይበል። እኔ የምለው ይህን ነው፦ «እኚህ ሰው የአንድ ቤት አባት ነበሩ። ሁላችሁም የምትችሉትን አድርጋችኋል። ትንሽ ዝም እንበል።» ግማሽ ደቂቃ ይበቃል። የእኛ ሰው መርዶ እንዴት እንደሚረዳ ያውቃል፤ ማልዶ፣ በሽማግሌ፣ ሰው ተሰብስቦ። ሆስፒታል ያን ሁሉ ነጥቆ ኮሪደር ላይ ለአንድ ወጣት ሐኪም ይሰጠዋል። ቢያንስ ትንፋሻችሁን ሰብስባችሁ ውጡ፣ ቤተሰቡን አስቀምጡ፣ ከመሐላቸው በዕድሜ የገፋውን ፈልጉ፣ «አርፈዋል» በሉ፤ በሕክምና ቃል አትሸፍኑት።

<b>ይህ ልማድ የማይሠራው</b>

ደመወዝ አይጨምርም። በ2017 ዓ.ም. ግንቦት የጤና ባለሙያዎች የክፍያ ጥያቄ አንስተው ሥራ እስከማቆም የደረሱት ትንፋሽ መቁጠር ስላልቻሉ አልነበረም። የሌለ ነርስ፣ ያለቀ ኦክስጅን፣ ከአቅም በላይ የሆነ የዲዩቲ ብዛት በደብተር አይቃለልም፤ በርንአውትን የሥራ ክስተት ያሰኘውም ምንጩ ሥራው ውስጥ ስለሆነ ነው። አለቃችሁ የሰው ኃይል ስትጠይቁት የማሰላሰል ሥልጠና ካመጣላችሁ፣ ሥልጠናውን ውሰዱ፣ ጥያቄውን ግን አትተዉት። የዓለም የሐኪሞች ማኅበር የጄኔቫ ቃለ መሐላን እ.ኤ.አ. በ2017 ሲያሻሽል ሐኪም ከሁሉ የላቀ እንክብካቤ ለመስጠት የራሱን ጤናና ደኅንነት እንደሚጠብቅ ጨምሮበታል። ስለዚህ ዕረፍት ስትጠይቁ የምትለምኑት ነገር የለም።

ደግሞም መድኃኒት አይደለም። ለሁለት ሳምንት ያህል ብዙውን ቀን የሚጫናችሁ ነገር ካለ፣ የምትወዱት ነገር ካልጣማችሁ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተበላሸ፣ ከሁሉ በላይ «ባልኖር» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ደብተሩን ተዉትና የዚያኑ ቀን ለሰው ንገሩ። የሌሊቱን በጫት፣ የጠዋቱን በማስተኛው ዲያዜፓም ማስታረቅ የሚሞክር ባልደረባ ሁላችንም እናውቃለን፤ ቀርቦ «እንሂድ» የሚለው ሰው ነው የጠፋው። የሥነ አእምሮ ሐኪም ጋ ሂዱ። የምትሠሩበት ግቢ ውስጥ ማፈራችሁ ስለማይቀር ሌላ ሆስፒታል ምረጡ። እዚያም ስትደርሱ በሙያ ትውውቅ ኮሪደር ላይ ቆማችሁ አትታከሙ። ካርድ አውጡ፣ ወረፋ ጠብቁ፣ ገብታችሁ ተቀመጡና እንደማንኛውም በሽተኛ ከመጀመሪያው ጀምራችሁ ተናገሩ።